ስልሳ ፐርሰንት በረዶ

ዙሪክ ከተማ፣ ቪዲኮን ሰፈር ውስጥ አየነውን የሚያውቅ ሁሉ ይቺን ያውቃል፤ ብርዱ ከገባ በኋላ ከሰዓት አስራ አንድ ሰዓት ላይ እሱን ማነጋገር አይቻልም። በዚያች ሰዓት የበረዶ ናዳ ማስጠንቀቂያ ይወጣላ! እጁ ላይ አንሶላ ይሁን፣ ሹካ ይሁን፣ ሚስቱ ምሥጋና የጀመረችው ወሬ ይሁን፣ ሁሉንም ያስቀምጥና ስልኩን ይከፍታል። የቱ ተራራ የአደጋ ደረጃው ከአምስት ስንት እንደሆነ፣ ነፋሱ ከየት እንደመጣ፣ አንድ በአንድ ያነባል። የሚገርመው ሰውዬው በሕይወቱ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪ እግሩ ላይ አስሮ አያውቅም። ሥራው አረጋውያን ቤት ልብስ ማጠብ ነው። ከፍታ ካላችሁ፣ የሚኖረው ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ እሱንም በሊፍት።

ይሄን አመል ያስያዙት እዚያው ቤት የሚጦሩ ሄር ብሩነር የሚባሉ የዘጠና አንድ ዓመት ሽማግሌ ናቸው። በጉብዝናቸው ዘመን ሰው ተራራ እየመሩ ያወጡ ነበር። አንድ ቀን አየነው የታጠበ ፒጃማ ሊያደርስ ሲገባ፣ ሽማግሌው ትሪ ላይ ስኳር በትነው፣ በላዩ ዱቄት ጠቅጥቀው፣ ትሪውን ሲያዘነብሉ አገኛቸው። ነርስ ልጥራ ወይስ ልተው እያለ ሲያመነታ፣

«ቆመህ አትየኝ፣ ተቀመጥ» አሉት።

ተቀመጠ፤ በዚያው ቀረ ማለት ይቻላል። ሽማግሌው እንዳስረዱት፣ በጥቅምት የወረደው በረዶ ጥላ ቦታ ላይ ሳይቀልጥ ይቀራል፤ ብርዱ ሲመታው እንደ ስኳር ፍሬ ፍሬ ይሆንና እርስ በርሱ መያያዝ ይተዋል። ከዚያ ኅዳር ላይ ነፋስ አዲስ በረዶ አምጥቶ እንደ ጣውላ ይጭንበታል። ከላይ ስታየው ነጭ፣ የሚያምር፣ ምንም የማያውቅ ይመስላል። ከሥሩ ግን ስኳር ነው። «ሰው ገና ትንሽ ነው ብሎ ይንቀዋል፤ የሚበላውም ያኔ ነው» አሉት ሽማግሌው።

ቸርች ውስጥ «የበረዶው ነቢይ» ይሉታል። ለአክብሮት እንዳይመስላችሁ። ያገር ቤት ምእመን ተራራ ወጥቶ መጸለይ ይወዳል አይደል፣ የዙሪክና የጄኔቫ ቸርቾችም በዓመት አንዴ አብረው ይወጣሉ። አምና አየነው «ደረጃው ሦስት ነው፣ ይቅርባችሁ» ብሎ ጉዞውን አስቀረ። በዚያ ቀን ፀሐይ ወጣች። እንዲያው የወጣች ብቻ አይደለም፣ ጨክና ወጣች። ሕዝቡ ለተራራ የያዘውን ዶሮ ቸርቹ ምድር ቤት ተቀምጦ በላ። ከዚያ ወዲህ ወጥ ጨው ባነሰው ቁጥር «ነቢዩ ይጠየቅ፣ ስንት ደረጃ ነው?» ይባላል። ዘንድሮ ምሥጋና ቁርጡን ነገረችው።

«አሁንም ካስቀረሃቸው እኔ ቸርች እቀይራለሁ።»

ዓርብ ዕለት ማስጠንቀቂያው ወጣ፤ ሦስት ከአምስት። አየነው ለጋሽ ግዛው ደወለ። ጋሽ ግዛው ለዛቫንሼ የሚባል ሰፈር የሚኖሩ የጄኔቫው ቸርች ሽማግሌ ናቸው፤ አገር ቤት ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምረዋል።

«ሦስት ከአምስት?» አሉ። «ስልሳ ፐርሰንት ነዋ። አልፏል።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የፈተና ውጤት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሞተው ሦስት ላይ ነው።»

«አምናም ሦስት ነበር። አንተ ልጅ እምነትህ ስንት ከአምስት ነው?»

በማግስቱ ሠላሳ ሰው በአውቶቡስ ወጣ፤ ከመካከላቸው በጩኸት ጸሎታቸው የታወቁት እትዬ ሸዋረጋ አሉ። መንገዱ ከሚያልቅበት ማቆሚያ ማዶ መስቀል የተተከለበት ጉብታ አለ። በበጋ ሰው ወጥቶ የሚጸልየው እዚያ ነው። ከማቆሚያው እስከ ጉብታው ያለው ግን ቀጥ ያለ ተዳፋት ነው፣ በረዶ ለብሷል። አየነው ጠርዙ ላይ አንድ እርምጃ አስገባ። ከእግሩ ሥር ትራስ ላይ ሰው ዘፍ ሲል የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ወጣ፤ «ዉፍ»። ሄር ብሩነር ይቺን ድምፅ ከሰማህ ወደ ኋላ ተመለስ ብለውት ነበር። ተመለሰ። ላብ አጠመቀው፣ በዚያ ብርድ።

ጋሽ ግዛው ዞረው ሕዝቡን አዘዙ። «በረዶ በጩኸት ነው የሚናደው። ስለዚህ ማንም ድምፁን እንዳያሰማ። እትዬ ሸዋረጋ፣ በተለይ እርስዎ። እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ ተጠጋግተን፣ በአንድ ላይ እንሻገራለን።»

አየነው ዝም ካለ ሠላሳውም እዚያ ላይ ይወጣሉ። ከተናገረ ደግሞ እስኪያረጅ የወጥ ጨው መጠየቂያ ሆኖ መቅረቱ ነው። ምሥጋናን አያት።

«ያንን በሶ ስጪኝ። ስኳሩንም። የዳቦውንም ትሪ።»

እሷም አየችው። «ቸርች መቀየሬ ነው እንግዲህ» አለችና ቦርሳውን ከፈተች።

ትሪው ላይ ስኳር በተነ፣ በሶውን ትንሽ ውሃ ነካ አድርጎ በላዩ ደለደለ፣ ከዚያ ትሪውን አዘንብሎ ያዘ። ሠላሳ ሰው ከበበው። ጋሽ ግዛው መነጽራቸውን አድርገው ከፊት ቆሙ።

«እትዬ ሸዋረጋ፣ ይጩሁበት» አለ አየነው።

«ምን ብዬ?»

«ሃሌሉያ ይበሉበት።»

ሴትዮዋ እስካሁን የታፈነውን ሁሉ ለቀቁት። የአውቶቡሱ መስኮት ተንቀጠቀጠ። በሶው ንቅንቅ አላለም።

«አያችሁ? ጩኸት ምንም አያደርገውም። ይሄ ደግሞ አንድ ሰው ነው» ብሎ በአንድ ጣቱ ጫን አደረገው። በሶው ጠርዙ ላይ ተሰነጠቀና ቆመ። «ይሄም ራሱ ያስፈራል። አሁን ግን ሠላሳችን እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ በአንድ ላይ።» በጡጫው ጫነው።

በሶው እንዳለ ተላቀቀና በአንድ ጊዜ ሸርተት አለ። ያረፈውም የጋሽ ግዛው ጥቁር ካፖርት ላይ ነው፣ ከደረታቸው እስከ ጫማቸው።

ማንም አልሳቀም። ወይ ደፍሮ የሳቀ የለም። ጋሽ ግዛው ካፖርታቸውን አዩ፣ ተዳፋቱን አዩ፣ እንደገና ካፖርታቸውን አዩ። ከደረታቸው ትንሽ በጣታቸው አንስተው ቀመሱ።

«ስኳሩ በዝቷል» አሉ። ቀጥለውም፣ «እዚሁ ማቆሚያው ላይ እንጸልይ። መጮህ ተፈቅዷል።»

ያን ቀን የተጸለየውን ጸሎት የአውቶቡሱ ሹፌር ለልጅ ልጆቹ ይነግራል። ተኝቶ ነበር፣ በካልሲ ዘሎ ወረደ። ከማዶ ካለው በረዶ ግን አንዲት ፍሬ አልወረደችም። ምሥጋናም ቸርች አልቀየረችም፤ በሶዋን ግን እስከ ዛሬ ታነሳበታለች።

አሁን አስራ አንድ ሰዓት ከአምስት ሲሆን ከጄኔቫ ይደወላል።

«ስንት ነው ዛሬ?» ይላሉ ጋሽ ግዛው።

ባለፈው ሳምንት «ሁለት ነው ጋሼ» አላቸው።

«አርባ ፐርሰንት። ወድቋላ።»

«አይ፣ እዚህ ላይ ባነሰ ቁጥር ነው የሚሻለው።»

ከወዲያ በኩል እርሳስ ወረቀት ሲጭር ተሰማ።

«ሠላሳ ዓመት አስተምሬ» አሉ በመጨረሻ፣ «እንዲህ ያለ ፈተና አይቼ አላውቅም።»