በመዳፍ ላይ ያረፈ ጠመንጃ

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዎች ነበርን። ሻለቃው፤ ከአገር ከመውጣታቸው በፊት ለአሥራ አንድ ዓመት ምልምል ወታደሮችን ተኩስ ያስተማሩ። ባለቤታቸው፤ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው። በአጥር የሚዋሰናቸው ሆላንዳዊ ጎረቤት፤ ከሮተርዳም ወደብ ጡረታ የወጣ፣ ስድስት ዶሮዎች ያሉት። አራተኛው እኔ ነኝ፤ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ ከዴን ሃግ በባቡር መጥቼ። ሌላ ሰው አልነበረም።

ቦታው ከሮተርዳም አጠገብ፣ ቭላርዲንገን ከተማ ዳር፣ ለነዋሪዎች በየቁራጩ የሚከራይ የአትክልት መሬት ነው። ሻለቃው በአንዱ ቁራጭ ጎመን፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ያበቅሉ ነበር፤ ጥግ ላይ ትንሽ የእንጨት ጎጆ አለች። ከጎጆዋ ወለል ሥር አይጥ ገባ። የአትክልተኞቹ ኮሚቴ ሰኞ መጥቶ እንደሚያይ፣ አይጡ ካልጠፋ ጎጆዋ እንደምትፈርስና መሬቱ ለሌላ እንደሚሰጥ በደብዳቤ አሳወቀ። መርዝ በዶሮዎቹ ምክንያት ክልክል ነው። ወጥመዱንም አይጡ ሁለት ጊዜ ምግቡን ወስዶ ባዶውን ትቶት ሄደ።

እትዬ በስልክ የነገሩኝ ይህን ነበር። «ሥራ የላቸው፣ ቋንቋው አልገባቸው። ያቺን መሬት ከወሰዱባቸው ከአልጋ አይወርዱም። አንተ የአየር ጠመንጃ ነገር ታውቃለህ አሉ፤ እባክህ ና።»

አውቅ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ፣ ዴን ሃግ አንድ ትምህርት ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ በአየር ጠመንጃ ወረቀት ከሚመቱ ሰዎች ጋር እተኩሳለሁ። ባሩድ የለውም፣ ጭስ የለውም፤ ድምፁ ወፍራም መጽሐፍ በኃይል ሲከደን ከሚሰማው አይበልጥም። አፈሙዙን ወደ ታች አጥፈህ ሞላውን ትወጥራለህ፣ ከሽንብራ የምታንስ የእርሳስ ጥይት ትከታለህ፣ ትንፋሽህን ታሳርፋለህ፣ ትተኩሳለህ። የወረቀቱ ቀዳዳ ምን እንዳጠፋህ ሳይዋሽ ይነግርሃል። ከጦርነት አገር የወጣ ሰው እንዴት ጠመንጃ ይወዳል ያሉኝ አሉ። የወደድኩት ማንንም ሳልጎዳ ራሴን የማርምበት ዕቃ ስለሆነ ነው።

ጎረቤቱ የራሱን የአየር ጠመንጃ በአጥሩ ላይ አሳልፎ ለሻለቃው ሰጣቸው። እኔ አይጡን ለማውጣት የተቀቀለ ድንች ከአፈር ክምር ፊት አስቀመጥኩ፤ ጥይቱ ቢስት አፈሩ እንዲይዘው። ርቀቱ በእርምጃዬ አሥራ አራት ነበር።

አይጡ ወጣ። ሻለቃው ሰደፉን ትከሻቸው ውስጥ ቀበሩት፣ በግራ እጃቸው ጨመደዱት፣ ተኮሱ። ከክምሩ አቧራ ብቻ ተነሳ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግመው ሳቱ። ሦስተኛውንም።

«ማነጣጠሪያው የተንጋደደ ነው» አሉ።

«አይጡም ይህንኑ እያለ ነው ድንቹን የሚጨርሰው» አሉ እትዬ።

«አንቺ ሴት፣ ዝም በይ!»

ማነጣጠሪያው ደህና ነበር። ጥፋቱ የት እንዳለ ገብቶኛል፤ እኔም ሁለት ወር ሙሉ የሳትኩት በዚያው ነው። ሞላው ሲለቀቅ፣ ጥይቱ ገና አፈሙዙን ሳይለቅ መላ ጠመንጃው ይርገፈገፋል። አጥብቀው ሲይዙት በየጊዜው ወደ ሌላ ጎን ይዞርባቸዋል። መድኃኒቱ በተከፈተ መዳፍ ላይ ማሳረፍና እንደፈለገ እንዲዘል መተው ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ እያንዳንዱን ተኩስ በደብተር እየመዘገብኩ ነው የደረስኩበት። ግን ተኩስ ሲያስተምሩ ለኖሩ ሰው አያያዝዎ ልክ አይደለም ብዬ እንዴት ልናገር?

ስለዚህ ወደ አጥሩ ሄጄ በተሰባበረ ሆላንድኛዬ ለጎረቤቱ ነገርኩት። ጠመንጃው የእሱ ስለሆነ የራሱ ምክር አስመስሎ ይነግራቸዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ፣ ወደ እኔ ጠቆመ፣ ጡጫውን ጨብጦ ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያ መዳፉን ዘረጋ። ሆላንድኛ ለማያውቅም ግልጽ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሻለቃው ወደ እኔ ዞሩ። «አያያዜ ስህተት ነው ብለሃል?»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ...»

«ይቅርታህን ተወው። ልክ ነህ ወይስ አይደለህም?»

«ልክ ነኝ።»

«ታዲያ አጥር ለአጥር ምን አስዞረህ? እኔ ፊት አፍ የለህም? እንካ፣ አሳየኝ።»

በመዳፌ ላይ አሳርፌ አንድ የቆርቆሮ ክዳን አምስት ጊዜ መታሁ። ሻለቃው ሄደው አውራ ጣታቸውን ቀዳዳዎቹ ላይ አደረጉ፤ አምስቱም ከጣታቸው ሥር ገቡ። ጠመንጃውን ተቀበሉኝ።

አይጡ ተመልሶ እስኪወጣ አርባ ደቂቃ ጠበቅን። የሻለቃው ግራ እጅ ተከፍቷል፤ ጠመንጃው እንደተኛ ሕፃን ራስ አርፎበታል። ተኮሱ። አይጡ እዚያው ቀረ።

ጎረቤቱ አጨበጨበ። ሻለቃው አልሳቁም። ጠመንጃውን በአጥሩ መልሰው ከጎጆዋ ደፍ ላይ ተቀመጡና መዳፋቸውን ሲያዩ ቆዩ።

«ያስተማርኳቸውን ልጆች ሁሉ» አሉ፣ «አጥብቀህ ያዝ ነው ያልኳቸው። ለዚያኛው ጠመንጃ ልክ ነበር።» ከዚያ ወደ እትዬ ዘንበል ብለው አንድ ነገር ጨመሩ፤ እኔ አልሰማሁትም።

ሰኞ ኮሚቴው መጥቶ የጎጆዋን ሥር አይቶ ሄደ። መሬቱ ቀረላቸው፤ ባለፈው ክረምት እስኪያርፉ ድረስም አለሙት። ጠመንጃ ግን ዳግመኛ አልነኩም። ሌላ አይጥ በመጣ ቁጥር የሚጠሩት እኔን ነበር፤ እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ጎመኑን ይኮተኩታሉ።

ይህን የጻፍኩት ከደብተሬ ነው። ደብተሩ ጥይትና እርምጃ እንጂ የሰው ቃል አልያዘም። እትዬ፣ አጠገባቸው የነበሩት እርስዎ ነዎት፤ ያኔ ዝቅ ብለው የነገሩዎት ምን ነበር? ጎረቤቱንም ይጠይቁልኝ፤ እኔ የሻለቃው አራተኛ ጥይት ነው የመታው ብዬ መዝግቤያለሁ፣ እሱ ግን አምስተኛው ነው ይላል። ያጎደልኩትን ሁለታችሁም ጨምሩበት።