የወገብ ሕመም ያልነው

ማክሰኞ ዕለት አባዬ ከነቀምት ደብዳቤ ይዞልኝ መጣ። ቴምብሩ ላይ ያለውን የጃንሆይን ምስል እንኳ በወጉ ሳላይ ቀደድኩት። አዳሪ ትምህርት ቤቱ ተቀብሎኛል! ከመስከረም ጀምሮ ከሌሎች ልጃገረዶች ጋር በአንድ አዳራሽ፣ አልጋችን ተጠጋግቶ እንተኛለን ይላል። ይህቺን መስመር ሦስት ጊዜ አነበብኳት። ለሌላ ሰው ተራ ነገር ናት። እኔ ግን እስከ አሥራ አራት ዓመቴ ድረስ ከሰው ጋር አድሬ አላውቅም። ምክንያቱን የምጽፈው እንደኔ ያለ ልጅ በየሰፈሩ እንዳለ አሁን ስለማውቅ ነው።

የተጀመረው በሰባት ዓመቴ ነው ልበል። ታናሽ ወንድሜ መኝታው ላይ መሽናት ተወ። እኔ አልተውኩም። እማዬ መጀመሪያ ትስቅ ነበር፤ ኋላ ሳቋ ቀረ። ጓዳ ውስጥ ለብቻዬ ቁርበት አነጠፈችልኝ። ቁርበቱን ጠዋት ጠዋት ጎረቤት በማያይበት፣ በጓሮው ቡና መሃል ታሰጣው ነበር። ለምን ዘመድ ቤት እንደማላድር ለሚጠይቅ ሁሉ መልሷ አንድ ነው፤ ወገቧን ያማታል።

አክስቴ ነቀምት ስትዳር ዘመድ ሁሉ በጭነት መኪና ተጭኖ ከአርጆ ሄደ። እኔ ቀረሁ። እማዬም ቀረች። የገዛ እህቷን ሠርግ አላየችም። በእኔ ምክንያት።

ሲመለሱ የአጎቴ ልጅ ጫልቱና ጓደኞቿ አዲስ ዘፈን ይዘው መጡ። ግጥሙን አላውቀውም፤ ዝም ብዬ አጨበጨብኩ። ጫልቱም፣ “አንቺ እንደ አሮጊት ወገብሽን ይዘሽ ቅሪ” አለችኝ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ጓሮ ገባሁ። ቁርበቱ ገና አልደረቀም።

እማዬ ከቀትር በኋላ ውሃ ከለከለችኝ። ከንፈሬ ተሰነጠቀ፤ መኝታዬ ግን እንደረጠበ ነው። ሆዴ ደርቆ ሰገራ የምወጣው በሳምንት አንዴ ቢሆን ነው። እሱን የጠየቀኝ የለም።

ከአኖ ለገበያ የመጣች አንዲት ቅቤ ነጋዴ፣ ወገቡ የተዛባ ልጅ ሽንቱን እንደማይቋጥር፣ የእሷንም ልጅ ወጌሻ እንዳቀናላት ለእማዬ ነገረቻት። እኛም አርጆ ገበያ ዳር ወደሚኖሩት ወጌሻ፣ ወደ ኦቦ ቶሌራ ሄድን። ግቢው ሰው ሞልቶበታል። እማዬ አፈረች። “ከበቅሎ ወድቃ ወገቧን ያማታል” አለቻቸው። በቅሎ ላይ ወጥቼ አላውቅም።

ኦቦ ቶሌራ ጀርባዬን በቅቤ አሽተው፣ አከርካሪዬን በአውራ ጣታቸው አንድ በአንድ ተጫኑት። ቀጭ አለ። ቀለል ብሎኝ ተመለስኩ። ጠዋት ቁርበቱ እርጥብ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ተመላለስን።

አንድ ቀን እማዬ እኔን ትታ ገበያ ወጣ እንዳለች፣ “ኢንታላ ኮ” አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። “የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?”

“የትም አያመኝም። የምተኛበት ነው የሚረጥበው።”

እጃቸውን አነሱ። አልሳቁም። ቅቤውን በጨርቅ ጠረጉና፣ “እኔ የማውቀው አጥንት ነው። ክረምቱን ሙሉ ደህና ወገብ ነው ያሸሁት” አሉ።

ወገቤ ደህና መሆኑን፣ ሐኪም ሊያየኝ እንደሚገባም ለእማዬ የነገሯት እሳቸው ናቸው። ነቀምት ሐኪም ቤት ድረስም አብረውን ሄዱ። እማዬ መንገዱን ሁሉ አለቀሰች።

ሐኪሙ ሽንቴን አስመረመረ፤ ስኳርም ኢንፌክሽንም አልተገኘም። ሆዴን ተጫነና ሰገራ በስንት ቀኔ እንደምወጣ ጠየቀኝ። “አንጀቷ ደርቋል፤ የተጠራቀመው ሰገራ የሽንት ፊኛዋን ይጫነዋል” አለ። “ውሃ መከልከሉ ይብቃ። ቀን ቀን በደንብ ትጠጣ። ጥፋት የላትም።”

የመጨረሻዋን ቃል እማዬን እያየ ነው ያላት።

ሐኪሙ የሰጠኝን ሆድ የሚያለሰልስ ሽሮፕ እየወሰድኩ፣ ጠዋት በተልባ፣ ቀን በጎመንና በውሃ፣ ከመተኛቴ በፊት ሽንት ቤት ደርሼ እየተመለስኩ፣ መጀመሪያ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከዚያ አራት ቀን ደረቅ ሆኜ መነሣት ጀመርኩ። መልሶ የረጠበብኝ ሳምንትም ነበር፤ ያኔ እማዬ አብራኝ አጠበች። ዓመት ሊሞላ ሲል ቁርበቱ ተጠቅልሎ ቆጥ ላይ ወጣ። ባለፈው ፋሲካ ጫልቱ ቤት አደርኩ፤ ያንን ዘፈንም እስከ መጨረሻው አስተማረችኝ።

ሐኪሙንና እማዬን አመሰግናለሁ፤ ከሁሉ በላይ ግን የማያውቁትን አላውቅም ያሉትን ሰው። እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ አትምቱት፣ ውሃም አትከልክሉት፤ ጀርባውን ከማሳሸታችሁ በፊት ለሐኪም አሳዩት።

ደብዳቤዬን ላሳያቸው ስሄድ ኦቦ ቶሌራ አደራ ብለውኛል፤ ሐኪም ቤት ብቻውን መግባት ያፈረ ሰው ልጁን ይዞ እሳቸው ጋ ይምጣ፣ አብረውት ይሄዳሉ። እንግዲህ ኑ። ቤታቸው ገበያው ዳር ነው፤ ማንንም ብትጠይቁ ያሳያችኋል። ብቻ ስትደርሱ፣ ወገቡን ነው የሚያመው እንዳትሏቸው።