የማዳም ወፎች

ትናንት ጠዋት ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ በረንዳዬ ላይ የተከልኳትን ቆስጣ ወፍ ሲነጫት ደረስኩ። «እሽ!» ብዬ እጄን ካነሳሁ በኋላ ክንዴ እዚያው ደርቆ ቀረ። ውሃ የጠጣው አፈር ሸተተኝና ያ የአቃቂው ግቢ መጣብኝ። ልንገርህ እስቲ፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

አባቴ አትክልተኛ ነበር። ከወንዙ ማዶ ሰፊ ግቢ ተከራይተው የሚኖሩ ፈረንጅ ባልና ሚስት ቀጥረውት፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ ሁለታችን ከጓሮ ባለችው ሰርቪስ ቤት ነበርን። ሥራው ከሄደ ቤቱም አብሮ ይሄዳል። እኔ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ምላሴ የሰላ፣ ልቤ ያበጠ።

መስከረም ሲጠባ ሚስተር ካገሩ ያስመጣውን የሰላጣና የአተር ዘር ሲባጎ ወጥሮ በመስመር ይዘራል። ማዳም ደግሞ አቅርቦ የሚያሳየውን መነጽሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ከሩቅ አገር የሚመጡትን ወፎች ትጠብቃለች። ቀረብ እንዲሉላት ማለዳ ማለዳ መደቡ ዳር የዳቦ ፍርፋሪ ትበትናለች። ወፎቹ ምን ገዷቸው! ፍርፋሪውን ይጨርሱና ወደ ቡቃያው ይዞራሉ። ሚስተር ከሥራ መጥቶ የተመለጠ መደብ ሲያይ አባቴ ላይ ይጮሃል። «ተኝተህ ነው! ተኝተህ ነው!»

«ሚስትህ ናት የምትጠራቸው ብለህ ለምን አትነግረውም?» አልኩት አባቴን።

«በባልና ሚስት መሃል ልገባ? ሚስትን ለባሏ ማሳበቅ ነውር ነው ልጄ።»

እኔ ግን ተቃጠልኩ። ነውር ቤት አይከራይም! አንድ ቀን ሚስተር «አንድ ጊዜ ደግሞ ከተበላ ዕቃህን ጠቅልል» አለው። አባቴ ያን ዕለት ራቱን ሳይቀምስ ቀረ።

በማግስቱ ማዳም ፍርፋሪዋን በትና ስትገባ፣ እኔ ስንዴ ባይጥ መርዝ ለውሼ እላዩ ላይ በተንኩ። ደስ እያለኝ ነው የበተንኩት፤ አልዋሽህም። ረፋዱ ላይ ግቢው ጭጭ አለ። ወፎቹ መደቡ ላይ ተዘርረዋል። አንዷ ደረቷ ቢጫ ነበር፤ ማዳም ሁለት ሳምንት ሙሉ እስትንፋሷን ይዛ ያደባችላት እሷ ናት። አልሞተችም፤ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። በጫማዬ ጨረስኳት።

ማዳም በባዶ እግሯ ሮጣ መጣች። «ማነው?» አለች። አባቴ መጀመሪያ ስንዴውን አየ፣ ቀጥሎ እጄን አየ።

«እኔ ነኝ ማዳም» አለ።

አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት።

ለእያንዳንዷ ወፍ ለየብቻ ጉድጓድ አስቆፈረችው። አሥራ አንድ ጉድጓድ፣ በዚያ በሚያመው ወገቡ። ከአጠገቡ ቆማ ታለቅሳለች፤ አንዴም አረፍ በል አላለችውም። ሲጨርስ «ዛሬውኑ ውጣ» አለችው። ፍራሻችንን ጋሪ ላይ ጭነን ስንወጣ ሚስተር እስከ በሩ ሸኘን። ማዳም እንዳትሰማ ዞር ብሎ አየና የአባቴን እጅ ጨበጠ። «ጎበዝ! አሁን ሰላጣው ያድጋል» አለው። ከዚያ በሩን ዘጋብን።

ሳሪስ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየን። ጎረቤቱ ለምን ከሥራ እንደወጣ ሲጠይቀው አባቴ «ወፍ ገድዬ፤ ቢጫዋን ጨምሮ ሁሉንም አስቀበሩኝ» ይላል፤ ሌላ ነገር አይጨምርም። ሰፈሩ መሳቂያ አደረገው። «ሰው ገድሎ የሚፈታ አለ፤ እሱ ለወፍ ተባረረ!» ይሉታል።

አንድ እሑድ አከራያችን ግቢው መሃል ተነስታ፣ ማንኪያ እንደ አካፋ ይዛ፣ አባቴ ወፍ ሲቀብር አሳየች። «ነፍስ ይማር፣ የኔ ቢጫ!» ስትል ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ ከሁሉም አብልጬ ሳቅሁ፤ ዝም ካልኩ ይነቁብኛል ብዬ። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። እንዳላፍር ብሎ እሱም አብሮኝ ሳቀ።