ኪሎ መቀነሴን ያላመነችው ነርስ

ቢቸና ውስጥ የእጅ ሰዓት ፈትቶ መግጠም የሚያስተምር ሰው አልነበረም። ራሴን በራሴ አስተማርሁ። ፊደልም የቆጠርሁት እንዲሁ ነው፤ ዘመናዊ ቀፎ መሥራትም እንዲሁ። ሰው የነገረኝን ነገር ሳልፈትን አልቀበልም፤ እዚህ የደረስሁትም በዚሁ ጠባዬ ነው።

ስኳር ካለብኝ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። አምና በጤና ጣቢያው ያለችው ነርስ ሚዛን ላይ አቁማኝ ዘጠና አራት ኪሎ አነበበች። ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች፣ ፈገግ ማለት የማይሆንላት ልጅ ናት።

«አባባ፣ ይህ ቦርጭ ካልቀነሰ ኪኒኑ ብቻውን አይችለውም። ዓይንዎን ነው የሚያጡት» አለችኝ።

ሌላ ነገር ብትለኝ ስቄ እወጣ ነበር። ዓይኔ ከሄደ ግን ሥራዬም ንባቤም አብረው ይሄዳሉ። ዓይን የሌለው ሰዓት ጠጋኝ ምን ይባላል?

«በስንት ጊዜ ልቀንሰው?»

«ቀስ ብለው። በወር አንድ ኪሎ፣ ቢበዛ ሁለት። ከዚያ በላይ አልፈልግም።»

«አልፈልግም» ማለቷ አስጠረጠረኝ። ለሰው ጤና የሚያስብ ሰው ልክ ያበጃል? ብዙ ወር እንድመላለስላት ነው አልሁ። ሚዛኑንም አላመንሁትም። በሚቀጥለው ቀጠሮ አምስት ሊትር ውሃ በጀሪካን ሞልቼ ሄድሁ። አምስት ሊትር ውሃ አምስት ኪሎ መመዘኑን ያስተማረኝ የለም፤ አንብቤ ነው ያወቅሁት። ጀሪካኑን ይዤ ቆምሁ፤ አስቀምጬ ቆምሁ። ልዩነቱ አምስት ኪሎና ትንሽ ሆነ። ትንሹ የጀሪካኑ የራሱ ክብደት ነው።

«ሚዛንሽ ደህና ነው» አልኋት።

«እርስዎስ?» አለችኝ።

ቤትም ጥርጣሬዬን አልተውሁም። ሚስቴ ሳላያት ሽሮው ላይ ዘይት ትጨምራለች ብዬ ምድጃው አጠገብ እየቆምሁ አስመርሬያታለሁ። እንጀራውን በግማሽ ቀነስሁ፤ ጎመኑን አበዛሁ፤ ጠላ ተውሁ፤ ሻይ ያለ ስኳር ጠጣሁ። ጠዋት ጠዋት በሞጣ መውጫ በኩል እስከ ከተማው ዳር እየሄድሁ እመለስ ነበር። በሁለት ወር ሦስት ኪሎ ወረደልኝ። በእኔ ዕድሜ ይህን የሚችል ይምጣ!

ኅዳር ላይ ማር ቆረጥሁ። የገበያ ማር አልገዛም፤ ስኳር ይቀላቅሉበታል። የእኔ ንጹሕ ነው። በውሃ እየበጠበጥሁ ብርዝ አድርጌ ጠዋት አንድ ጣሳ እጠጣ ጀመር። ማር መድኃኒት መሆኑን በእኛ አገር የማያውቅ የለም። ነርሷ የከለከለችኝ ስኳር ነው፤ ስለ ማር አልጠየቅኋትም፣ እሷም አላነሳችብኝም።

ከዚያ በኋላ ኪሎዬ ሲወርድ ማየት ነበር! ቀበቶዬን በምስማር ሁለት ጊዜ በሳሁት። ማኅበር ላይ አንዱ ጎረቤቴ አገጬን አይቶ «ምነው ሟሸሽህ? ኧረ ተመርመር» አለኝ፤ ቀንቶ ነው አልሁ። ሚስቴ ደግሞ በተራዋ ትጠረጥረኝ ያዘች።

«የደበቅኸኝ በሽታ አለ አይደል?»

«ጥንካሬን ከበሽታ የማትለዪ ሴት!»

አንድ የደበቅኋት ነገር ግን ነበረኝ። የሴት ሰዓት ትንንሽ ብሎኖች ጭጋግ ውስጥ ያሉ ይመስሉኝ ጀምረው ነበር። መነጽሩን ጠረጠርሁ፤ ወለወልሁት፤ ከዚያ አምፖሉን ቀየርሁ። ውሃ ጥሙም በርትቶብኝ ስለ ነበር ብርዙን ጨመርሁ።

በቀጠሮዬ ቀን ሚዛኑ ላይ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። በአንድ ወር ሰባት ኪሎ! ታጨበጭብልኛለች ብዬ ስጠብቅ የነርሷ ፊት ጠቆረ።

«ምን አድርገው ነው?»

«ጎብዤ።»

«ውሃ ይጠማዎታል?»

«በጋ ነው።»

«ሽንትስ ያመላልስዎታል?»

«እሱን ለአንቺ አልነግርም።»

ጣቴን ወጋችኝ። የስኳር መለኪያው መሣሪያ አራት መቶ አሥር አለ። «ይህንን እርስዎ አልቀነሱትም አባባ። ስኳሩ ነው ሥጋዎን እየበላ ያለው። ዛሬውኑ ሞጣ ሆስፒታል ይሂዱ» ብላ ወረቀት ጻፈችልኝ።

መሣሪያው ተበላሽቷል አልሁ። ሄጄ ላሳፍራት ስል ሚስቴን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። የሞጣውም ምርመራ ከአራት መቶ በላይ አለ። ሐኪሙ ምን እንደምበላ ጠየቀኝ፤ ጎመኑን፣ ግማሽ እንጀራውን ዘረዘርሁለት።

«ብርዙን ንገራቸው እንጂ» አለች ሚስቴ።

«ብርዝ መድኃኒት ነው።»

«ዶክተር፣ አንድ ጣሳ የነበረው አሁን በቀን ማሰሮው ነው የሚያልቀው!»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ማሩ ንጹሕ ነው?»

«ከእኔ ማር የሚበልጥ በዚህ አገር የለም።»

«እንግዲያው አባቴ፣ የአገሩን ንጹሕ ስኳር ነው በማሰሮ የሚጠጡት። ማር ሆድዎ ከገባ በኋላ ደምዎ ለይቶ አያውቀውም። ሲጠጡት ይጠማዎታል፤ ሲጠማዎት ይጠጡታል።»

እዚያው አስተኝተው በክንዴ ፈሳሽ ሰጡኝ፤ ለጥቂት ሳምንትም መርፌ አዘዙልኝ። ተኝቼ ጣሪያውን እያየሁ ራሴን መረመርሁ። ሚዛኑን ፈትኛለሁ፤ ነርሷን፣ ሚስቴን፣ ጎረቤቴን፣ አምፖሉን ሳይቀር ጠርጥሬአለሁ። ከራሴ እጅ የወጣውን ብቻ ሳልፈትን በማሰሮ ጠጣሁት።

ብርዙን ስተው ኪሎዬ ተመልሶ አራት ጨመረ። ነርሷን ፈገግ ስትል ያየኋት ይህን ከሚዛኑ ያነበበች ቀን ነው። ሰው ሲወፍር የምትደሰት ነርስ እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። «አሁን ከዚህ እንጀምራለን፤ ቀስ ብለው» አለችኝ። ጀመርሁ። አንዳንድ ወር አንድ ኪሎ ይወርዳል፤ አንዳንድ ወር ምንም። አሁን ሚዛን ላይ ከመውጣቴ በፊት ጣቴን እሰጣታለሁ። ኪሎ ብቻውን ወርዶ ቢያሳየኝ አላምነውም።

ብሎኖቹ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጠሩልኝ። ያም አላሳመነኝም፤ ለማጣራት ተመልሼ ሞጣ ወረድሁ። የዓይን ባለሙያው ጠብታ ጨምሮብኝ በብርሃን ለረጅም ጊዜ አየኝ።

«የዓይንዎ የኋላው ደም ሥር አልተነካም። ብዥታው ስኳርዎ ከፍ በማለቱ የመጣ ነበር» አለኝ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ለዛሬ። ለከርሞ ደግሞ ይምጡና እናያለን።»

«ለዛሬ» በማለቱ ወደድሁት። ለዘለዓለም ቢለኝ ኖሮ እጠረጥረው ነበር።

ጠብታው ዓይኔን አጥበርብሮት ሚስቴ እጄን ይዛ እስከ መናኸሪያው መራችኝ። መንገድ ላይ ፈለገ ብርሃን ከተማ መኪናው ሲቆም ጭጋጉ ይገፈፍ ጀመር። የሱቆቹን ጽሑፍ አንድ በአንድ ጮክ ብዬ እያነበብሁ ልክ መሆኑን ሚስቴን ጠየቅኋት። ማንበብ ያስተማርኋት እኔ ነኝ።

«ልክ ነው» አለችኝ። «ሁሉም ልክ ነው። አሁን ዝም በል፣ ሰው እየሰማ ነው።»

የሚቀጥለውን አነበብሁላት።