ሳይሞት የደረሱለት በሬ

የታሰርኩት አምባ ጊዮርጊስ ገበያ መሀል፣ መርፌዬን እንደያዝኩ ነው። ከብቱ ላይ በሽታ ገብቷልና ገበያው ለሳምንት ይቆይ ብዬ ነበር። የወረዳው ሹም «ሕዝብ አሳደምክ» አለኝ፤ ቦርሳዬን ቀምተው በጭነት ማኪና ጎንደር እስር ቤት አወረዱኝ። ሐኪም ይሉኝ ነበር እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥቂት ወር ተምሬ ከብት የምከትብ ሰው ነበርኩ።

ክፍሏ ለሃያ ሰው ትጠባለች፤ እኛ ሠላሳ ሁለት ነበርን። አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም ይገላበጣል። ጎንደር ዘመድ ስላልነበረኝ የምበላው ከሰው አገልግል ነው፤ ይበልጡን ከአንድ የወገራ ሽማግሌ። መሬታቸውን በሐሰት ምስክር ተነጥቀው፣ ዳኛውን በመዝለፋቸው የገቡ ናቸው። ሁላችንም «አያ» እንላቸው ነበር። መጀመሪያ ቀን ማንነቴን ሲሰሙ ገላመጡኝ።

«የእኔን ወይፈን ከገበያ ያስመለስከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ አያ።»

«ኧረ ጉድ!» አሉና እንጀራቸውን ወደኔ ገፋ አደረጉት።

ፋሲካ ደረሰ። ሁለት ወር ሊሞላው ሥጋ ያልቀመሰ ሰው፣ በዚያ ላይ እስረኛ! አንዲት የከተማዋ እመቤት ለእስረኛ ብለው በሬ ሰደዱ። ጠዋት ግቢ እንደገባ ተንቀጠቀጠና ወደቀ። በኛ አገር የሞተ ከብት አይበላም፤ ነፍሱ ሳትወጣ በስመ አብ ተብሎ ቢላ ካረፈበት ግን ሥጋው ሥጋ ነው። ስለዚህ ከብት ሲያጣጥር ሰው ወደ ቢላ ይሮጣል። አንድ ዘበኛም ሮጦ አረደው።

«ሳይሞት ደረስንለት!» ሲል ግቢው በደስታ ተናጋ።

እኔ ግን ደሙን አየሁት። እንደ ሬንጅ ጠቁሯል፤ አልረጋም ብሏል። ሆዱ ሲከፈት ጣፊያው አብጦ፣ ሲነኩት ይበጣጠሳል።

«አባ ሰንጋ ይመስለኛል» አልኩ። «ሰውም ይገድላል፤ አትንኩት።»

የዘበኞቹ አለቃ ሳቀ። «ደግሞ የኛንም ገበያ ልትዘጋ ነው?»

ሥጋው በገበታ ሆኖ ክፍላችን ገባ። ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ነው። እንዳትበሉ ብዬ ለመንኩ። አንዱ «ምነው፣ የሹሙን ቂም በእኛ ሆድ ትወጣለህ?» አለኝ። ሌላው እጁን ሰደደ። አያ የዘረጋውን እጅ ያዙትና ወደኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ እርግጠኛ ነህ?»

አዎ ብዬ ልምል እችል ነበር። ግን አባ ሰንጋ ደሙ በአጉሊ መነጽር ካልታየ በእርግጥ አይለይም፤ እኔ ደግሞ ከሁለት ባዶ እጆቼ በቀር ምንም የለኝም።

«አይደለሁም፣ አያ። ደሙንና ጣፊያውን አይቼ ነው። ከተሳሳትኩ ፋሲካን ያለ ሥጋ አዋልኳችሁ። ካልተሳሳትኩ ግን ከዚህ ክፍል ሬሳ ይወጣል።»

ምራቃቸውን ሲውጡ አየሁ፤ እሳቸውም እንደኛው ርቧቸዋል።

«የሚምል ሰው ሞልቷል» አሉ በመጨረሻ። «መሬቴን ያስነጠቀኝም መስቀል መትቶ የማለ ነው። እርግጠኛ አይደለሁም የሚል የተማረ ሰው ግን ዛሬ ገና አየሁ።»

ገበታውን አንስተው በሩ ላይ አስቀመጡት። «ውሰዱልን፤ የሰጡንን እግዜር ይስጥልን» አሉ ለዘበኛው። ከዚያ ልጃቸው ያመጣችላቸውን ድፎ ዳቦ ፈቱ። ጋቢያቸውን አንጥፈው፣ ልክ እንደ ቅርጫ ሥጋ፣ ሠላሳ ሁለት መደብ አደረጉት። ከየሰዉ ምልክት ሰበሰቡ፤ ቁልፍ፣ ጭድ፣ የክር ቁራጭ። በቅርጫ ዕጣ የሚጥለው አያዳላም የተባለ ሰው ነው። ምልክቶቹን እጄ ላይ አፈሰሷቸው።

«ዞር በልና አንተ ጣል» አሉኝ።

ሕዝብ አሳደመ ተብዬ ለታሰርኩት ለእኔ! እንባዬን መያዝ አቃተኝ። ሁለት ሦስቱ እንዳኮረፉ ነበር፤ አንዱማ ዳቦውን እያኘከ «ሸጋ ሥጋ አስቀረህብን» ይለኛል።

ዘበኞቹም «እስረኛ የናቀውን እኛ አንበላም» ብለው ኮሩ። ያንን ኩራታቸውን ዛሬም አመሰግነዋለሁ። አለቃው ተናዶ «እንግዲያ ይቀበር!» አለ፤ ጉድጓዱን እኛው በጥልቀት ቆፈርን።

በአራተኛው ቀን በሬውን አርዶ የገፈፈው ዘበኛ መጣ። ክንዱ ላይ መሀሉ ከሰል የመሰለ ቁስል ወጥቶ ዙሪያው አብጧል።

«ያምሃል?» አልኩት።

«ኧረ አያመኝም፤ በፊት ያሳክከኝ ነበር እንጂ።»

አለማመሙ ነው ያስፈራኝ፤ የአባ ሰንጋ ቁስል አያምምና። አለቃውን እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። ሆስፒታል ወስደው ፔኒሲሊን ወጉት፤ እግዜር ይመስገን፣ ዳነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሉ በሙሉ ሐኪም ሐኪም ይለኝ ጀመር። ያ ያኮረፈው እንኳ የመኝታ ቦታውን ለቀቀልኝ።

ተፈትቼ ብዙ ዓመት ከብት አከምኩ። አያን ግን ዳግመኛ አላገኘኋቸውም። ታሪኩን የሰማ ሁሉ «የዚያን ያህል ሰው አተረፍክ» ይለኛል። እኔ ባመሰግን እሳቸውን ነው። ሌሎቹ ያመኑኝ የዘበኛውን ክንድ ካዩ በኋላ ነው። አያ ያመኑኝ ርቧቸው፣ ሥጋው ፊታቸው ተቀምጦ ሳለ ነው።