በመቀነት የተያዘ ወገብ

ዮጋ የጀመርኩት አዲስ አበባ ነው። ወገቤን ታምሜ ሐኪሙ እንቅስቃሴ ስላዘዘልኝ አንዲት አስተማሪ ዘንድ ሄድኩ። ክፍሏ በመደገፊያ የተሞላ ነበር፤ ከስፖንጅ የተሠራ ጡብ፣ የጨርቅ ጠፍር፣ ድፍን ትራስ። እኔ አንዱንም መንካት አልወድም ነበር። ጎንበስ ስል እጄ ወለሉ ላይ ስለማይደርስ አስተማሪዋ ጡቡን ከመዳፌ ሥር ታኖርልኛለች፤ ዞር ስትል ወደ ጎን ገፋ አደርገዋለሁ።

"መሬቱ ከራቀሽ መሬቱን ከፍ እናድርግልሽ እንጂ፣ ምን ያታግልሻል?" ትለኝ ነበር።

አልሰማኋትም። ያለ ድጋፍ መቆም መዳኔን የሚያረጋግጥልኝ ይመስለኝ ነበር።

ደብረ ታቦር ለማስተማር ስመደብ ጡቡም አስተማሪዋም እዚያው ቀሩ። ከዩኒቨርሲቲው ብዙ ሳልርቅ አንድ ክፍል ተከራየሁ። አከራዬ ግቢው ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ባላቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው ባሕር ዳር ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደጄ ላይ ቆም ብለው "አደርሽ ወይ ልጄ?" ይሉኛል፤ እኔም "እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንቱስ እንዴት አደሩ እማማ?" እላለሁ። ከዚህ የዘለለ ወሬ አልነበረንም። አንቱ ማለትን የለመድኩትም እዚሁ ነው፤ አዳማ፣ ባደግኩበት ሰፈር፣ እርስዎ ነበር የምንለው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ በሩ ገርበብ እንዳለ፣ ትከሻዬ ላይ ተገልብጬ እግሮቼን ወደ ጣሪያው ሰቅያለሁ። አከራዬ የተቆላ ሽምብራ በሣህን ይዘው ገቡ።

"በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ! ምን አገኘሽ?"

ደንግጬ እግሬን ባንዴ ጣልኩት። ወገቤ ውስጥ አንድ ነገር ቋ አለ፤ ከዚያ በኋላ መነሳት አልቻልኩም። በጎን ልዞር ሞከርኩ፣ አልሆነም። ሴትዮዋ ሣህኑን አስቀምጠው በብብቴ ይዘው ሊያነሱኝ ጎነበሱ፤ ቀኝ ክንዳቸው እንደማይታዘዝላቸው ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ቀደም ገሳይ ከምትባል ከተማ ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ ጭቃ አዳልጧቸው በትከሻቸው ወድቀው ነበር። ወጌሻ አሽቷቸው ሕመሙ ተሻላቸው፤ ክንዱ ግን ከደረታቸው በላይ አልወጣ አለ።

እኔ መነሳት፣ እሳቸው ማንሳት አቅቶን ተያየን።

"ቆይ" አሉ። መቀነታቸውን ከወገባቸው ፈቱ፤ በጀርባዬ ሥር አሳልፈው ሁለቱን ጫፍ ግራ እጃቸው ላይ ጠቀለሉት። እግራቸውን የአልጋው ቋሚ ላይ አስደግፈው ገላቸውን ወደ ኋላ ጣሉ።

"አትታገይ፤ ዝም ብለሽ ነይ።"

አልታገልኩም። መጀመሪያ ተቀመጥኩ፣ ቀጥሎ በጉልበቴ ሆንኩ፣ በመጨረሻ አልጋውን ይዤ ቆምኩ። እሳቸው መቀነታቸውን መልሰው እየታጠቁ ጠየቁኝ።

"በይ አሁን ንገሪኝ፤ ምን ስታደርጊ ነበር?"

"ዮጋ ይባላል። ለወገቤ ነው።"

"ስግደት ነው?"

"አይደለም እማማ፤ ስፖርት ነው።"

"ተዘቅዝቆ የሚሠራ ስፖርት አላየሁም" ብለው ወጡ።

በማግስቱ የንስሐ አባታቸውን ይዘው መጡ። ቄሱ ወንበሬ ላይ ተቀምጠው፣ ሳይቆጡ ጠየቁኝ።

"ስትሠሪው የማንን ስም ትጠሪያለሽ?"

"የማንንም አልጠራም አባ። ትንፋሼን ነው የማዳምጠው።"

"እጅ የምትነሺለትስ ነገር አለ?"

"መጨረሻ ላይ መዳፋችንን አጋጥመን አንገታችንን ዝቅ እናደርጋለን።"

"እሱን ተዪው። የቀረው የአንቺና የሐኪሙ ነው።"

ተውኩት። የጎደለብኝ ነገር አልነበረም።

ሕመሙ ጋብ ሲልልኝ እንደገና ጀመርኩ፤ አሁን ግን አከራዬ በሩ ላይ ቆመው ይመለከቱኛል። እጄን ወለል አስነክቼ ዳሌዬን ወደ ላይ ሳነሳ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። አንድ ቀን "ኧረ ይቺ ጥጃ ልትወድቅ ነው!" ብለው ገቡና መቀነቱን ዳሌዬ ላይ አሳልፈው ወደ ኋላ ሳብ አደረጉኝ። ጀርባዬ ሲረዝም ተሰማኝ። አዲስ አበባ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ያላገኘሁት ነገር ነው። አናጢ ዘንድ ሄጄም ከባሕር ዛፍ ሁለት ጉማጅ አስቆረጥኩ፤ እጄን እነሱ ላይ ሳኖር መሬቱ ከፍ አለልኝ፤ የወለሉም ብርድ ራቀልኝ።

እሳቸው ሲያማትቡ ግራ እጃቸውን ከቀኝ ክርናቸው ሥር አስገብተው፣ እንደ ሕፃን ደግፈው፣ ቀኙን ወደ ግንባራቸው ያደርሱታል። ሰው መካከልም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ አያፍሩበትም። ሐኪም እንዲያየው ለምኜ ወሰድኳቸው። ሐኪሙም ክንዳቸውን ቀስ በቀስ እንዲያሠሩት ነገራቸው። ከዚያ ወዲህ እኔ ስጨርስ ግድግዳው ፊት ይቆሙና ጣቶቻቸውን ወደ ላይ ያስኬዳሉ፤ እኔ ክርናቸውን ከሥር እይዛለሁ።

"አመመዎት?"

"ያመኛል። አትልቀቂ ግን።"

ክረምቱ አልፎ መስቀል ሲቃረብ ጣታቸው ከመብራት ማጥፊያው ደረሰ። አንድ ጠዋት በቀኝ እጃቸው ብቻ አማተቡ። ከዚያ እጃቸውን አገላብጠው አዩት።

"ደረሰች" አሉ።

ከዚያ በላይ አልወጣም። ጸጉራቸውን የምትሠራላቸው ጎረቤት ናት።

በኅዳር ልጃቸው ስለወለደች ሊያርሷት ባሕር ዳር ሄዱ፤ ቆይተውም እዚያው ቀሩ። እኔ ከገበያ የገዛሁትን መቀነት በር እጀታ ላይ አስሬ ሞከርኩ። በሩ አጥብቆ ይይዛል፤ መቼ ማላላት እንዳለበት ግን አያውቅም። በመጨረሻ አንዲት ባልደረባዬን ለመጠየቅ ወሰንኩ። እስከዚያ ቀን ሰው እንዲይዘኝ በአንደበቴ ጠይቄ አላውቅም። ምን ብዬ እንደምጀምር ጨንቆኝ ሻይዋን እስክትጨርስ ጠበቅኳት።

"ከኋላ ሆነሽ ወገቤን ትስቢልኛለሽ?"

ሳቀች። ማክሰኞ ከሰዓት ቤቴ መጣች፤ ስትስበኝ ከመጠን በላይ ጠነከረች።

"ቀስ በይ፣ ቀስ!"

"እንዲህ?"

"ትንሽ ጨምሪ። አዎ፣ እዚያ ላይ ያዢኝ።"