ጨው የበዛበት ውሃ

ልጅ ሳለሁ፣ ወልቂጤ ዳር ባለችው ቤታችን መብራት በጠፋ ቁጥር የእናቴ አባት፣ አባባ ደገፉ፣ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ተረት ያወሩልን ነበር። በወጣትነታቸው ከገበያ ገበያ ጨው ይነግዱ ስለነበር ተረቶቻቸው ሁሉ ጨው ጨው ይላሉ፤ የታመመ በሬ ጨው ልሶ ይነሳል፣ ጋኔን ጨው ከተበተነበት ደጅ ይመለሳል። የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ የኩራዙ ብርሃን ጥላቸውን በግድግዳው ላይ እያገዘፈው፣ ያኔ ጨው የማያድነው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ታናሽ ወንድሜን ናቲን ተቅማጥ ያዘው። ገና ዓመት አልሞላውም። እናቴ ገበያ መዋል ነበረባትና «ጤና ጣቢያ እንዳስተማሩን ስኳርና ጨው በጥብጠሽ አጠጪው፤ ካልተሻለው ስመለስ ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ» ብላኝ ወጣች። የስኳሩን ጣሳ ስከፍት ባዶ ነው። አባባ ከጓሮ ነበሩ፤ አልጠየቅኳቸውም። በስኳሩ ፈንታ ጨው በእፍኜ ዘግኜ ጨመርኩ። ናቲ መጀመሪያ ፊቱን አጨማደደ፤ ኋላ ግን ጠምቶት ስለነበር ዋጠው። ባጠጣሁት ቁጥር ይበልጥ ይጠማው ነበር፤ እኔም መድኃኒቱን ወደደው ብዬ ደስ እያለኝ ደጋገምኩለት። ከሰዓት በኋላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እናቴ መጥታ በባጃጅ ይዛው ስትከንፍ፣ ሐኪም ቤት ሳይደርሱ እቅፏ ውስጥ አረፈ። ሰው ሁሉ «ተቅማጡ ነው» አለ። እኔም አልኩ።

ሰባተኛ ክፍል ስደርስ የሳይንስ መምህራችን ድንች ልጠው ቆራረጡና ግማሹን በንጹህ ውሃ፣ ግማሹን ጨው በበዛበት ውሃ ነከሩት። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ከጨው ውሃው ያወጡት ቁራጭ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተልፈስፍሶ ጣታቸው ላይ ተንጠለጠለ።

«የሴሉ ስስ ሽፋን ውሃን ያሳልፋል፤ ጨውን ግን እንደልቡ አያሳልፍም። ስለዚህ ውሃው ጨው ወደበዛበት ይወጣል። ኦስሞሲስ ማለት ይህ ነው» አሉን።

እጄን አወጣሁ። «ቲቸር፣ ሕፃን ልጅ ብዙ ጨው ቢጠጣስ?»

«ያው ነው። ጨው ደሙ ውስጥ ሲበዛ ውሃውን ከሴሎቹ ይስበዋል፤ ከአንጎሉም ጭምር። ሊገድለው ይችላል። ምነው?»

«እንዲሁ ነው» አልኩ።

በዚያ ምሽት አባባ ተረት ሲጀምሩ አላስጨረስኳቸውም። እናቴ ደጅ ነበረች። ጣሳውንም፣ እፍኜንም፣ ድንቹንም ነገርኳቸው። ፍሙን በእንጨት ደጋግመው ቆሰቆሱ።

«ለእናትሽ እኔ እነግራታለሁ» አሉ በመጨረሻ። «አንቺ አፍሽን ያዢ።»

በማግስቱ እናቴ ትገርፈኛለች ብዬ ስጠብቅ እንደ ወትሮዋ ፀጉሬን ሠራችኝ። ለአባባ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ በእጇ አላቀረበችም፤ እኔን ትልከኝ ነበር። እሳቸውም ወደ ምድጃው መቅረብ ተዉ። ተረት ደግመው አላወሩም። በቤታችን ምን እንደተፈጠረ አልገባኝም፤ ይቅር መባሌን ብቻ ነበር የማስበው።

ከሁለት ክረምት በኋላ አባባ ሞቱ። እናቴ አንዲት ዘለላ እንባ አላነባችም። ለቀስተኛው ከሄደ በኋላ «እማዬ፣ ለአባትሽ እንዴት እንባ ይጠፋል?» አልኳት።

«አንቺ ያኔ ልጅ ነበርሽ» አለችኝ። «አንቺ በደንብ በጥብጠሽ ባስቀመጥሽው ውሃ ላይ ጨው የጨመሩበት እሳቸው ናቸው። ናቲን የገደሉት እሳቸው ናቸው። በገዛ አፋቸው ነግረውኛል።»

አፌን ከፈትኩ። መልሼ ገጥሜ የለቀስተኛውን ብርጭቆ መሰብሰብ ጀመርኩ።

ዛሬ እናቴ አርጅታለች። ቡታጅራ ያሉ ዘመዶቻችን መጥተው የአባባን ስም ባነሱ ቁጥር ተነስታ ትወጣለች። እውነቱን ብነግራት አባቷን አገኘች፣ እኔን ልጇን አጣች፤ ምን ይጠቅማታል? እያልኩ ራሴን አታልላለሁ። ለእሷ አዝኜ ግን አይደለም። ፈርቼ ነው።